ፊቱ የማን፣ ምላጩ የማን?

ጎጃም ውስጥ «ግጥም አልችልም» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ፈረስ አልችልም የሚል አለ፤ ዋና አልችልም የሚል ሞልቷል፤ ሙግት አልችልም የሚል እንኳ ተፈልጎ ተፈልጎ አንድ ሁለት አይጠፋም። ግጥም ላይ ሲደርስ ግን ትሕትና የሚባለው ነገር ዓባይን ሳይሻገር ወዲያ ማዶ ይቀራል። ገበሬው በሬውን እየነዳ ይገጥማል፣ በቅሎ ነጋዴው ዋጋ ሲከራከር ይገጥማል፣ አልቃሽዋ የሟቹን ስም በቅጡ ሳትይዝ ትገጥማለች፣ ምስለኔው በግጥም ይሳደባል፣ ተሰዳቢውም በግጥም ይመልስለታል። ቤተ ክህነቱንማ ተዉት፤ እዚያ ሰው ሲያስነጥስም ቅኔ ነው። እንዲህ ሁሉ ሰው ገጣሚ በሆነበት አገር በግጥም እንጀራ እበላለሁ ብሎ መነሣት ለጣና ዳር ሰው ዓሣ ልሽጥልህ እንደማለት ነው። እኔ ግን ተነሣሁ። በላሁም።

ዛሬ ዛሬ ልጆቹ ሥራዬን «ኪነ ጥበብ» ይሉልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። በዚያን ጊዜ፣ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ሥራው አንድ ስም ብቻ ነበረው፦ አዝማሪ። ስሙም የሚጠራው እንደ ሰዓቱ ነው። ድግስ ሲቃረብ «ያ አፈ ማር የት ገባ? ፈልጉልን እንጂ!» ይባላል፤ ድግሱ ሲያልቅ «ያን አዝማሪ ሸኙት» ይመጣል። አባቴ ከቢቸና ወጣ ብሎ ያለ ደብር ቄስ ነበሩ፤ እኔንም ቅኔ ቤት አስገብተውኝ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። የኔታ አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ፣ ቅኔህ አይከፋም፤ ድምፅህም መልካም ነው። ጠባይህ ግን ለቤተ ክህነት አይሆንም። ሰው ሲስቅልህ በጣም ደስ ይልሃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይህን ሲናገሩ ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። በዚያው ዓመት ማሲንቆ ያዝሁ። አባቴ ስንት ጊዜ እንዳኮረፉኝ አልነግራችሁም፤ እሱ ሌላ ወግ ነው፣ ደግሞም አያስቅም።

ጎበዝ ነበርሁ። ይህን የምላችሁ ለመመካት አይደለም። ኧረ ለምን እዋሻለሁ፣ ለመመካት ነው! ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ያለ እኔ የተደገሰ ድግስ ካለ ወይ ተዝካር ነው፣ ወይ ደጋሹ ከእኔ ጋር ተጣልቷል። የኔ ዘመን ባለማሲንቆዎች ድምፅ ያላቸው ቃል ያጥራቸዋል፤ ቃል ያላቸው ደግሞ ሲዘፍኑ ፍየል የታነቀች ይመስላል። እኔ ሁለቱንም ይዤ ነበር፤ በዚህ ላይ መልኬም በዚያን ጊዜ እንዲህ አልነበረም።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት የሙያችንን አንድ ሕግ ላስረዳችሁ። አዝማሪ የራሱን ብቻ አይዘፍንም። ታዳሚው ሞቅ ሲለው ይነሣና እጁን ወደ አዝማሪው ዘርግቶ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው «አቤት ጌታዬ» ብሎ ደጋኑን ረገብ ያደርጋል። ሰውዬው ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። በዚህ ጊዜ አዝማሪው እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ደብዳቤውን ያደርሳል እንጂ በደብዳቤው አይጠየቅም። ሰጪው ጎረቤቱን ቢሰድብበት፣ አማቹን ቢጎሽምበት፣ ዳኛውን ቢነካበት፣ ዕዳው የሰጪው ነው። ታዲያ አንድ ነገር አለች። የተሰጠህን እንዳለ ማለት አለብህ። ግጥሙ ቢያነክስ እንዳነከሰ፣ ቢያስነጥስ እንዳስነጠሰ። የራስህን ቃል ያስገባህበት ዕለት ግጥሙ ያንተ ሆነ ማለት ነው፤ ጣጣውም ይከተልሃል። ይህን ሕግ ገና ማሲንቆ መቃኘት ሳልችል ነው ያወቅሁት። ማወቅና መቻል ግን ለየብቻ ናቸው፤ እኔ አንካሳ ግጥም አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

አንድ የጥር ወር ላይ ግራዝማች ይርዳው የሚባሉ የሞጣ ሰው የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሡ። ስሙን ለውጬዋለሁ፤ ዘራቸው ዛሬም እዚያው አለ፣ እኔም ገና ሞጣ መሄድ እፈልጋለሁ። የሕፃኑ እናት የቢቸና ልጅ ናትና ወገኖቿ እንዲመጡ ተላከባቸው። እኔን የወሰዱኝ የእሷ አጎት፣ አቶ ወርቅነህ የሚባሉ በቅሎ ነጋዴ ናቸው። አቶ ወርቅነህ ደግ ሰው ነበሩ፤ ለጋስ፣ ሳቂታ፣ የበቅሎን ጥርስ አይተው ዕድሜዋን ከነወሩ የሚናገሩ። አንድ እንከን ብቻ ነበረባቸው፤ ገጣሚ ነኝ ይሉ ነበር።

«ያለ አዝማሪ ወደ አማች ቤት መሄድ ማን አስለመደን?» ብለው ይዘውኝ ተነሡ። ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድረን ነው ሞጣ የገባነው። ያገኘነው ዘመድ ሁሉ «ወዴት ነው?» ሲል «ክርስትና» ስንለው፣ «እሱማ ካልቀረ እኛስ ብንደርስ» እያለ ከነቤተሰቡ ይከተለናል። የጎጃም ሰው ዘመድ ሲቆጥር አያልቅበትም። ሞጣ ስንገባ ከሩቅ ያየን ሰው ለክርስትና ሳይሆን ለዘመቻ የመጣን ሳይመስለው አልቀረም።

ድግሱ ያምር ነበር። ዳሱ ሰፊ፣ ወጡ ለእጅ የሚከብድ፣ ግራዝማች ራሳቸው ወገባቸውን ታጥቀው ቆመው የሚያስተናግዱ። ጠላው ግን ቀጠን ብሎ ነበር። እንዋሽ ካላልን በቀር ቀጭን ነበር። ሰው ሁሉ ይጠጣል፣ እርስ በርስ ይተያያል፣ መልሶ ይጠጣል፣ ማንም ምንም አይልም። በዚህ መካከል አቶ ወርቅነህ ብድግ አሉ። አማች አማቹን በግጥም ቢጎነትል ያገር ጨዋታ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉና «ተቀበል!» አሉ።

«አቤት ጌታዬ!»

«የዚህ ቤት ጠላ በጣም ቀጭን ነው፣
ሰው ሲጎነጨው ፊቱን የሚያየው ነው!»

ብለውኝ ሸማቸውን አስተካክለው፣ ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ዙሪያቸውን ቃኙ።

በስመ አብ ወወልድ! «ነው»ን በ«ነው» መምታት ምን ይሉታል? በሬን ከራሱ ጥላ ጋር መጥመድ ነው። አሁን ፍረዱኝ። ሕጉ እንዳለ በል ይለኛል። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ሰው ደግሞ አፌን እያየ ነው። ሐሳቡ፣ ያቺ በጠላ ውስጥ ፊትን የማየቷ ነገር፣ መጥፎ አይደለችም፤ እንዲህ ያለች ሐሳብ እንዲህ ባለ ልብስ አደባባይ ስትወጣ አንጀቴ አልቻለም። ደጋኑን ሁለቴ ጎተትሁና እንዲህ አልሁ፦

«ዋንጫውን ባነሣው ፊቴን አየሁበት፣
ምላጭ አምጡልኝና ጢሜን ልላጭበት።»

ዳሱ ሊፈርስ ደረሰ። አንድ ዲያቆን ከመደቡ ተንሸራቶ ወረደ። አንዱ ሽማግሌ ዋንጫቸውን እንደ መስተዋት ከፍ አድርገው ይዘው አገጫቸውን በጣታቸው መላጨት ጀመሩ፤ እሳቸውን አይቶ ሰው ሁሉ ይላጭ ጀመር። እኔም ሳቁ በሞቀ ቁጥር ደገምሁት፣ ሠለስሁት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዚያን ቀን ብቅሉ ስላነሰ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግራዝማች ብቻ አልሳቁም። የያዙትን ማንቆርቆሪያ ቀስ ብለው አስቀመጡና ወደ ጓዳ ገቡ። አይቻቸዋለሁ። አይቼም አራተኛ ጊዜ ደገምሁት።

በማግስቱ ግጥሙ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወጣ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ይሉታል፣ ተማሪው ይለዋል፤ ጠላ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እስላም የሆኑት ጨርቅ ነጋዴዎች ሳይቀሩ አገጫቸውን እያሻሹ ይሳሳቃሉ። ግራዝማች በገበያው መካከል ሲያልፉ አንዱ ባለጌ ከኋላ «ምላጭ አምጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔም ከቁርሴ ሳልነሣ ሁለት ሰዎች መጥተው ማሲንቆዬን ወሰዱና «ነገ በሽማግሌ ፊት ትቀርባለህ» አሉኝ።

ግራዝማች የጠየቁት ገንዘብ አልነበረም። «ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ በሞጣም በቢቸናም አውራጃ ማሲንቆ እንዳይዝ» ነው ያሉት። ሳቅ ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ሁለቱም አገር በዘመድ የተሞላላቸው ሰው ናቸው። እሳቸው «አይጠራ» ካሉ የሚጠራኝ የለም። እርሻ የለኝ፣ ክህነት የለኝ፣ ንግድ አላውቅ። አባቴ ዘንድ ልመለስ ብል ደግሞ ያ «ብዬህ ነበር» የሚለው ፊታቸው ይታየኛል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዐይኔ አልዞረም፤ የፈራሁትን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ፈርቼ አላውቅም።

ጠዋት የሽማግሌዎቹ አውራ አለቃ ውብነህ ለብቻዬ ወደ ጥግ ሳቡኝ። ሽበታም፣ ዝግተኛ፣ ነገር አዋቂ ሰው ናቸው። «ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «ነገሩ ቀላል ነው። ‹ተቀበል ተብዬ ተቀበልሁ› በል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አትጨምር። ወርቅነህ አማች ነው፤ ጉልበት ስሞ ይታረቃል። አንተም ማሲንቆህን ይዘህ አገርህ ትገባለህ።»

«እሺ አባቴ» አልሁ። ከልቤ ነበር። ምስክሬ እመቤቴ ናት፣ ከልቤ ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተሰበሰብን። ሰዉ ከድግሱ ቀን አላነሰም፤ የሰው ጭንቅ ማየት መቼም ጠላ አያስፈልገውም። ግራዝማች አንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መልሰው ከሴቶቹ ጋር ቆመዋል። አለቃ አቶ ወርቅነህን አስነሧቸው።

«አቶ ወርቅነህ፣ በአማችዎ ጠላ ላይ ግጥም ሰጥተዋል፣ አልሰጡም?»

እኔ «ጨዋታ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ» የሚሉ መስሎኝ ነበር። አቶ ወርቅነህ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በየሄዱበት ምላጩን ሲሰሙ ከርመዋል። ሰውም «ግጥሙ የእርስዎ ነው አሉ» እያለ እጃቸውን ጨብጧቸዋል። ደረታቸውን ነፉና «ሰጥቻለሁ። የኔ ነው። ከነፊቱ፣ ከነምላጩ!» አሉ።

ከነምላጩ?

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር። ሰውዬው ዕዳዬን ተሸክመውልኛል፣ አለቃ አስቀድመው መክረውኛል፣ ማሲንቆዬ ከአለቃ ጉልበት ሥር ተጋድሞ ያየኛል። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ማለት እንዲህ ያለውን ነው። ተነሣሁ።

«አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊቱ የእሳቸው ነው። ምላጩ ግን የኔ ነው።»

«ዋሸ!» አሉ አቶ ወርቅነህ። «ምላጩን ልለው አፌ ላይ ነበረ!»

«አፍዎ ላይ ሳይሆን አገጭዎ ላይ ነው የነበረው» አልሁ፤ ሰዉ ሳቀ፤ ይኸው ጠባዬ ነው።

አለቃ ውብነህ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «በስመ አብ! እኔ ስንት ዘመን ሽምግልና ተቀምጫለሁ። በሬ የሰረቀ አልሰረቅሁም ሲል፣ ወሰን የገፋ አልገፋሁም ሲል፣ የወለደ እንኳ አልወለድሁም ሲል ሰምቻለሁ። ሁለት ሰው ‹የሰደብሁ እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ› ብሎ ሲጣላ ግን ዛሬ ገና አየሁ!» ወደ እኔ ዞረው በዐይናቸው «ተው» አሉኝ። አየኋቸው። ከዚያም አቶ ወርቅነህ የሰጡኝን ግጥም፣ ያንን ባለ ሁለት «ነው»፣ እንዳለ፣ ፊደል ሳልነካ፣ በእሳቸው ድምፅና በእሳቸው የሸማ አጣጣል አልሁላቸው።

ማስረጃው ሞልቶ ፈሰሰ። አቶ ወርቅነህ ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ሰላምታዬን አልመለሱም። እኔም ክሴን በገዛ አፌ አረጋገጥሁ።

አለቃ ተነፈሱና ወደ ግራዝማች ዞሩ። «ግራዝማች፣ ሁለቱንም ሰምተዋል። የጎዳዎት የትኛው ነው?»

ግራዝማች የማይዋሹ ሰው ናቸው። «የፊተኛውን ብቻ ብሰማ ኖሮ ስቄ እተኛ ነበር። ያቃጠለኝ ምላጩ ነው» አሉ።

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። እንጀራዬ ሊቆረጥ ነው፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው በእኔ ምክንያት ቀልሏል፤ እኔ ደግሞ በሆዴ «እሰይ!» እላለሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያን የመሰለ ሙገሳ ከማንም አልተቀበልሁም።

ይህን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም የምለው አለኝ» አሉ። ግራዝማች እጃቸውን አንሥተው «ቆይ አንቺ፣ ይህ ይለቅ» አሏቸው። አለቃም «ይቆዩ እመቤቴ፣ ተራው ሲደርስ» አሉ። ተራው አልደረሰም። ወንዶቹ ሁሉ የግጥም ሊቅ ሆነን ስለ ምላጭ ስንከራከር ፀሐይ ከአናታችን አለፈ፤ እሳቸውም መልሰው ተሸፈኑ።

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው መከሩና ተመለሱ። አለቃ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እንጀራዬን አልቆረጡትም። «ስድብ በምስጋና ይታጠባል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በሁለቱ አውራጃ በየትኛውም ድግስ ማሲንቆ ስትይዝ፣ ከሁሉ አስቀድመህ የግራዝማች ይርዳውን ቤት ታመሰግናለህ። ይህን የተውህ ዕለት ማሲንቆውንም ትተዋለህ።» ጉልበት ስሜ፣ ማሲንቆዬን አቅፌ ወጣሁ። ምስጋናውንም እዚያው በር ላይ ገጠምሁት፦

«ደጃቸው አይዘጋም ሲመሽም ሲነጋም፣
እንግዳ ገብቶበት ተጠምቶ አይወጣም።»

ለእናንተ እውነቱን ልናገር፣ ደካማ ናት። ቤቷም ሸፈፍ ያለ ነው። ምስጋናና ስድብ አንድ እጅ ቢጽፋቸውም አንድ አይነት አይወጡም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሙያው ላይ ያረጀሁት ሰውዬ አላውቅም።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ድግስ እጠራለሁ፤ ማሲንቆዬን አነሣለሁ፤ «ደጃቸው አይዘጋም» ብዬ እጀምራለሁ። አንዱ እንግዳ «እኚህ ግራዝማች ደግሞ ማን ናቸው? ለምንስ ነው የሚያመሰግናቸው?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱ ይነግረዋል። የነገረው ነገር ያለ ምላጩ አይነገርም። እኔ ምስጋናዬን ሳልጨርስ ዳሱ ግማሹ አገጩን ያሻሻል። ግጥሙ በራሱ ጊዜ ቢተው በአንድ ክረምት ይረሳ ነበር፤ በፍርድ ስለታዘዘልን ግን በየድግሱ እየተነሣ ቡሬ ደረሰ፣ ደጀን ደረሰ፣ ከዓባይ ማዶም ተሻገረ አሉ። እኔ እምላችሁ፣ ፍርዱን አንዲት ቀን አላጓደልሁም። ዝናዬም እንደዚያ ዓመት ገንኖ አያውቅም። የሚጠራኝ በዛ፤ ጫማ አደረግሁ፤ አባቴ እንኳ ደብዳቤ ጻፉልኝ።

በሁለተኛው ዓመት ቢቸና በገበያ ቀን እህል ተራው አጠገብ ቆሜ እዘፍናለሁ። እንደ ልማዴ በምስጋናው ጀመርሁ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ መሳቅ ጀመረ። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ወይዘሮ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ያዩኛል። ወይዘሮ የሺ ናቸው። ምራታቸው ከእናቷ ዘንድ ስለነበረች ሊጠይቋት መጥተው ኖሯል። እስክጨርስ ጠበቁና «አንተ ሰው፣ እስቲ ወዲህ በል» አሉኝ።

ሄድሁ። እጅ ነሣሁ። «እመቤቴ፣ ደህና ሰነበቱ?»

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምታመሰግነው ደጃፉን ነው፤ ደጃፉን ማን ሰደበው? ጠላውን የጠመቀው ግራዝማች ነው እንዴ?»

ማሲንቆዬን ዝቅ አደረግሁ።

«እኔ ነኝ የጠመቅሁት። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሴት ወይዘሮ ቤቴ ስትመጣ የምቀዳላትን በዐይኗ ነው የምትለካው። ለመሆኑ ያን ጊዜ ከቢቸና ስንት ሰው ይመጣል ተብሎ የተላከብን ይመስልሃል?»

«እንጃ እመቤቴ።»

«አርባ። ለአርባ ሰው ጠመቅሁ፤ ወፍራም፣ ጉሮሮ የሚይዝ ጠላ። ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

መንገዱ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ «እኛስ ብንደርስ» የሚል ዘመድ። «ሰማንያ ሳንሆን አንቀርም» አልሁ።

«ሰማንያ። አንተንስ ማን ጠራህ?»

ማንም አልጠራኝም። አቶ ወርቅነህ ናቸው ያመጡኝ።

«ለአርባው ጥሩውን ቀድቼ ለአርባው ባዶ ዋንጫ ልስጥ? ግራዝማች በእንግዳ ፊት ይዋረድ? ጥሩውን ከቅራሪው ጋር ቀላቀልሁት፤ ለሁላችሁ እንዲዳረስ። እኔ የዚያን ቀን አንድ ዋንጫ አልቀመስሁም። ይህን ልናገር ብነሣ ቆይ ተባልሁ።» አላለቀሱም፤ እንደ ሒሳብ ነው የነገሩኝ። «እና ልጄ፣ ስለ እመቤታችን ብለህ፣ ሁለተኛ አታመስግነን።»

አፈርሁ፤ እንደ ልጅ አፈርሁ። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ማሲንቆዬን ወደ ደረቴ አስጠጋሁና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጭራውን ዳሰስ ዳሰስ እያደረግሁ፣ ለእሳቸው ብቻ እንዲህ አልሁ፦

«አርባ ጠርታ ሳለ ሰማንያ ቢመጣት፣
ሰው ሁሉ ጠጣና እሷን ብቻ ጠማት።»

እህል የሚሰፍሩት ሰዎች ቀና ቀና ማለት ጀመሩ፤ አንዱ «ምን አለ? ድገመው እንጂ!» አለኝ። ልደግመው ደጋኑን ሳነሣ ወይዘሮ የሺ እጃቸውን ጭራው ላይ ጫኑት።

«ይኼ የኔ ነው» አሉ። «ለገበያ አትስጠው።»

አልሰጠሁም። ለአለቃ ውብነህ ሄጄ የሆነውን ስነግራቸው፣ አለቃ ራሳቸውን ነቅንቀው «ለካ የነገሩ ባለቤት ከኋላችን ቆማ ነበር» አሉና ፍርዱን አነሡልኝ። ምስጋናውን ተውሁ። ምላጩንም ሁለተኛ አልዘፈንሁትም፤ ስንት ደጋሽ «እሱን ካላልህማ ምን ልታደርግ መጣህ?» ብሎ ፊቱን አዙሮብኛል። በሥራ ዘመኔ ከገጠምሁት ሁሉ የሚበልጠውን ግጥም የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ለሌላ ሰው ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

ምላጩ ግን አልሞተም፤ እንዲህ ያለው መቼ ይሞታልና። ሰዎች ዛሬም «ያ የምላጩ ግጥም ያንተ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። በሽማግሌ ፊት፣ እንጀራዬን አስይዤ «የኔ ነው» ያልሁት ሰውዬ «የለም፣ የአቶ ወርቅነህ ነው» እላለሁ። አቶ ወርቅነህም ይህን ሲሰሙ ታረቁኝ፤ የበዓል ቀን እየጠሩ ያበሉኝም ነበር። እስኪያርፉ ድረስ በየድግሱ ደረታቸውን ነፍተው «ከነፊቱ፣ ከነምላጩ የኔ ነው!» ሲሉ፣ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ማሲንቆዬን እየቃኘሁ «እውነታቸውን ነው» እል ነበር።